ዲጂታል 8፦ በአሮጌ ካሴት ላይ የተጻፈ አዲስ ምስል

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረባቸውን አዳዲስ ቪዲዮ ካሜራዎች አንስቶ የካሴት ማስገቢያቸውን የከፈተ ሰው ግራ ሳይጋባ አይቀርም። ካሜራው ላይ ዲጂታል የሚል ጽሑፍ አለ፤ የሚገባበት ካሴት ግን ከአሥር ዓመት በላይ በየቤቱ የኖረው ባለ 8 ሚሊሜትር ካሴት ነው። መጠኑም ፕላስቲኩም ያው ነው። የተለወጠው ቴፑ ላይ የሚጻፈው ነገር ብቻ ነበር።

ይህ አሠራር ዲጂታል 8 ይባላል። ዕድሜው አጭር ሆነ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ የመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ወጡለት፣ ከዚያ በኋላ ከመደብር ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ ግን መልኩን ቀይሮ ዛሬም አለ። ያኔ ጥያቄው «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» የሚል ነበር፤ ዛሬ «ካሴቶቹን በምን ላድናቸው?» ሆኗል። ለሁለቱም መልስ ሲፈለግ አንድ ስህተት ይደጋገማል፦ ካሴቱ፣ በካሴቱ ላይ የተጻፈው መረጃና ካሜራው እንደ አንድ ነገር ይታያሉ። ሦስቱን ለያይቶ ያላየ ሰው ዲጂታል 8ን ከልክ በላይ ያወድሰዋል፣ አለዚያም ባላጠፋው ጥፋት ይኮንነዋል።

ከስምምነት የተወለደ ካሴት

የ8 ሚሊሜትር ቪዲዮ ታሪክ የሚጀምረው በስምምነት ነው። ቪኤችኤስና ቤታማክስ ገበያውን ለሁለት ከፍለው ሲታገሉ ያዩ አምራቾች፣ ለእጅ ካሜራ የሚሆን አንድ ትንሽ ካሴት እንዲኖር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ ከመቶ በላይ ኩባንያዎችም ተስማሙ። ኮዳክ በ1984 ኮዳቪዥን የተባለውን ካሜራ አቀረበ፤ ሶኒ በ1985 ሲሲዲ-ቪ8ን አስከተለ። ካሴቱን በየቤቱ ያስገባው ግን በ1989 የወጣው የሶኒ ሲሲዲ-ቲአር55 ነው። ክብደቱ 790 ግራም ነበር። ትከሻ ላይ ይሸከሙት የነበረው ካሜራ በአንድ እጅ የሚያዝና ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ሆነ።

በዚያው ዓመት ሃይ 8 መጣ። የመጀመሪያው ቪዲዮ 8 ምስሉን በአግድም የሚለየው ወደ 240 መስመር ገደማ ሲሆን፣ ሃይ 8 ይህን ወደ 400 ገደማ አደረሰው። ሁለቱም አናሎግ ናቸው፤ ማለትም ምስሉ በቴፑ ላይ የሚሰፍረው በቁጥር ሳይሆን ከፍ ዝቅ በሚል ምልክት ነው።

ያም ሆኖ ቴፑ ለዲጂታል መረጃ እንግዳ አልነበረም። ቪዲዮ 8 ገና ከጅምሩ ድምፅን በዲጂታል መልክ የመቅዳት አማራጭ ነበረው። ኤክሳባይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ በ1987 ይህንኑ የ8 ሚሊሜትር ስልት ወስዶ የኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጫ ሠራበት፤ አንዱ ካሴት ከ2 ጊጋባይት በላይ ይይዝ ነበር። በዘመኑ መለኪያ ይህ ብዙ ነው። ሶኒ በ1999 ያደረገውም ቴፑ አስቀድሞ የነበረውን ችሎታ ለቤተሰብ ካሜራ ማዋል ነበር።

መካከሉ ላይ ግን ሌላ ነገር ተፈጥሮ ነበር። በ1995 ዲቪ የተባለው የዲጂታል ቪዲዮ አሠራር ከነትንሹ ካሴቱ፣ ከሚኒ ዲቪ ጋር ወጣ። የሶኒ ዲሲአር-ቪኤክስ1000 በሦስት ብርሃን ተቀባይ ቺፖቹና በፋየርዋየር ማገናኛው የነፃ ፊልም ሠሪዎችንና የጋዜጠኞችን ቀልብ ሳበ። ዋጋው ግን ለተራ ቤተሰብ የሚቀመስ አልነበረም። ሌላም ችግር ነበረበት፦ ሚኒ ዲቪ የገዛ ቤተሰብ የልጆቹን የመጀመሪያ እርምጃ የቀዳበትን ሃይ 8 ካሴት በአዲሱ ካሜራ ማየት አይችልም። ዲጂታል 8 የተወለደው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ከሶኒ ሌላ በዚህ መንገድ የሄደው ሂታቺ ብቻ ሲሆን እሱም ጥቂት ሞዴሎችን ሠርቶ አቆመ። ፓናሶኒክ፣ ጄቪሲና ካኖን ሚኒ ዲቪን መረጡ።

ቴፑ ላይ ምን ተጻፈ

ዲጂታል 8 የራሱ የሆነ የምስል አሠራር የለውም። የሚጽፈው ዲቪን ነው፤ ሚኒ ዲቪ የሚጽፈውን ያንኑ። ምስሉ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ይፈስሳል፣ በአምስት እጅ ገደማ ይታመቃል፣ እያንዳንዱም ፍሬም ሌላውን ሳይጠብቅ ለብቻው ይታመቃል። ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት በሚከተሉ አገሮች ፍሬሙ 720 በ576፣ ኤንቲኤስሲ የተባለውን በሚከተሉት 720 በ480 ፒክሰል ነው። ድምፁ በ16 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ ሁለት ቻናል፣ ወይም በ12 ቢትና በ32 ኪሎኸርትዝ አራት ቻናል ይሆናል። የአንድ ሰዓት ቀረጻ ኮምፒውተር ላይ ሲወርድ ወደ 13 ጊጋባይት ይመጣል።

ልዩነቱ አጻጻፉ ላይ ነው። ይህን ሁሉ መረጃ ሰፋ ባለው ቴፕ ላይ ለማስፈር ሶኒ ቴፑን አፈጠነው፤ በሰከንድ 28.7 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። የኤንቲኤስሲ ሃይ 8 በሰከንድ 14.3 ሚሊሜትር ብቻ ይሄድ ስለነበር አሜሪካ ውስጥ 120 ደቂቃ ይቀዳ የነበረው ካሴት በዲጂታል 8 ወደ 60 ደቂቃ ወረደ። በፓል አገሮች ቴፑ ቀድሞውኑ ወደ 20 ሚሊሜትር ይሄድ ስለነበር የ90 ደቂቃው ካሴት ነው 60 ደቂቃ የሆነው። ሁለቱ ካሴቶች ውስጥ የተጠቀለለው ቴፕ ርዝመቱ ተቀራራቢ በመሆኑ ውጤቱ አንድ መሆኑ አያስገርምም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ ሠርግ መሃል ቴፕ ያለቀበት ቀራጭ ግን ይህን ስሌት የሚማረው በመጥፎ ሰዓት ነው።

ምስሉ የሚሰፍርባቸው ሰያፍ ትራኮችም ይለያሉ። የሚኒ ዲቪ ትራክ ስፋቱ 10 ማይክሮሜትር ነው፤ የዲጂታል 8 ደግሞ 16.34። ሚኒ ዲቪ አንድ የፓል ፍሬም በ12 ትራኮች ሲጽፍ ዲጂታል 8 በ6 ይጨርሰዋል፤ በኤንቲኤስሲ 10 የነበረው 5 ይሆናል። በአንዱ የዲጂታል 8 ትራክ ላይ ሁለት የዲቪ ትራኮች ተከታትለው ሰፍረዋል ማለት ነው።

ሚኒ ዲቪ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም

በ2000 አካባቢ ቪዲዮ ካሜራ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይሰማ ነበር።

አንደኛው ወገን ሚኒ ዲቪን ይመክራል። ካሴቱ 66 በ48 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የ8 ሚሊሜትሩ ግን 95 በ62.5 ነው። ትንሽ ካሴት ትንሽ ካሜራ ያስገኛል። ሁሉም ትልልቅ አምራቾች ይሠሩታል፤ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ማጫወቻዎችም ይቀበሉታል፤ ስለዚህ ከዓመታት በኋላም የሚያነበው መሣሪያ አይጠፋም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጊዜው ብዙም አልተደመጠም ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ እውነት ሆኖ የተገኘው ግን እሱ ነው።

ሌላኛው ወገን ዲጂታል 8ን የሚደግፍበት ምክንያት ነበረው። ካሜራው ይረክሳል፣ ካሴቱ በየሱቁ ይገኛል፣ የድሮውን ካሴት ያነባል፣ ትራኩም ሰፊ ስለሆነ ለአቧራና ለጥቃቅን የቴፕ ጉዳት የተሻለ መቋቋም አለው። ሶኒ ራሱ ለባለሙያዎች በሠራው ዲቪካም ትራኩን ወደ 15 ማይክሮሜትር ማስፋቱ ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ነው። የዲጂታል 8 ትራክ ከዚያም ይሰፋል። ስፋት ብቻውን ግን አይፈርድም። ሚኒ ዲቪ ካሴት የተሠራው ለዚሁ ሥራ ነው፤ ዲጂታል 8 ካሜራ ውስጥ ግን ጥሩ የሃይ 8 ካሴትም፣ ርካሽ የቪዲዮ 8 ካሴትም፣ አምስት ጊዜ ተቀድቶበት የተሰለቸ ካሴትም ይገባል። ስለዚህ ስለ ጥንካሬው የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ አሠራሩ ሳይሆን ባለቤቱ ካሜራው ውስጥ ስለከተተው ካሴት ነው።

ስለ ምስል ጥራት ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ሆኖም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የዲጂታል 8 ምስል ከሚኒ ዲቪ ያንሳል» የሚለው አባባል እንደ አሠራር ትክክል አይደለም። የሚጻፈው መረጃ አንድ ከሆነ፣ የተጻፈበት ቴፕ ስፋት የአበባውን ቀለም አይለውጥም። ጎን ለጎን ሲታዩ የሚኒ ዲቪው ብዙ ጊዜ አምሮ የሚታይበት ምክንያት ካሜራው ነው። ሶኒ ጥሩ ሌንሱንና ሦስት ቺፑን ለሚኒ ዲቪ አስቀመጠ፤ ባለ ሦስት ቺፕ ዲጂታል 8 ካሜራ አልወጣም። ኋላ ላይ የመጡት ርካሽ ሞዴሎች ደግሞ ቺፓቸው ይበልጥ እያነሰ ሄዶ በደብዛዛ ብርሃን ምስላቸው ጉርብጥብጥ ይል ጀመር። ባለ አንድ ቺፑን ርካሽ ሚኒ ዲቪ ከባለ አንድ ቺፑ ዲጂታል 8 ጋር ያወዳደረ ሰው ያን ያህል የሚያወራው ልዩነት አያገኝም። አሠራሩን ዝቅተኛ ያስባለው የገበያ ውሳኔ ነበር፤ ስሙ ግን አብሮት ቀረ።

ዲጂታል መሆኑ ያመጣው አንድ እውነተኛ ጉዳትም አለ። አናሎግ ካሴት ሲጎዳ ምስሉ ላይ ነጭ ሰረዝ ብልጭ ይላል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፤ የእናት ፊት ግን ይታያል። ዲጂታል 8 ካሴት በጥቂቱ ሲጎዳ ምንም አይታወቅም፤ የስህተት ማረሚያው ይሸፍነዋል። ጉዳቱ ከማረሚያው አቅም ካለፈ ግን ፊቱ በድንገት ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይበታተናል፤ ግማሹ ካለፈው ፍሬም ቀርቶ ግማሹ ወደፊት ይሄዳል፣ ድምፁም ይቆረጣል። ከፍጹም ጥራት ወደ ባዶነት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው።

የድልድይነቱ ሥራ

ዲጂታል 8ን በታሪክ ውስጥ ቦታ ያሰጠው ግን የቀዳው ሳይሆን ያነበበው ነው። አንድ ካሴት አለ እንበል፤ የመጀመሪያው ግማሽ በ1994 በሃይ 8 የተቀዳ፣ ቀሪው በ2000 በዲጂታል 8። ካሴቱ አናሎግ በሚያነብ ዲጂታል 8 ካሜራ ውስጥ ሲገባ ባለቤቱ ምንም አይነካም። ካሜራው አናሎጉን ያጫውታል፤ ሁለቱ ቀረጻዎች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ስክሪኑ ለአፍታ ባዶ ይሆናል፣ ቴፑ ፍጥነቱን ይቀይራል፣ ዲጂታሉ ይቀጥላል። አናሎጉንም ቢሆን እየተጫወተ ሳለ ወደ ዲቪ ቀይሮ በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይልከዋል።

በዚህ መካከል ቲቢሲ የተባለው ክፍል ትልቅ ሥራ ይሠራል። አናሎግ ቴፕ ሲለጠጥና ሲሳሳብ የምስሉ መስመሮች ከጊዜያቸው ትንሽ ቀድመው ወይም ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ቀጥ ያለው የበር መቃን የሚወዛወዝ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቲቢሲ መስመሮቹን ተቀብሎ በሰዓታቸው አሰልፎ ይለቃቸዋል። ይህ ቀደም ሲል በስቱዲዮ ውስጥ የሚገኝ ውድ መሣሪያ ነበር። ሶኒ በቤተሰብ ካሜራ ውስጥ ማስገባቱ ሊመሰገንበት ይገባል።

ጊዜውም ምቹ ነበር። አፕል በጥቅምት 1999 ፋየርዋየር ያለውን አይማክ ዲቪ ከአይሙቪ ጋር አወጣ። በካሴት ተከርችሞ የነበረ የቤተሰብ ቀረጻ ሊቆረጥና ሊቀጠል የሚችል ጥሬ ዕቃ ሆነ። ጆናታን ካውዌት የቤተሰቡን የዓመታት ቀረጻዎች በአይሙቪ አቀናብሮ በ2003 ያወጣው «ታርኔሽን» ለዚህ ለውጥ ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

ድልድዩ ግን ሁሉም ጋ አልደረሰም። ኋላ ከወጡት ርካሽ ዲጂታል 8 ሞዴሎች አንዳንዶቹ አናሎግ ማንበብ አይችሉም። ይህ ለመረዳት የሚከብድ ውሳኔ ነው፤ የተፈጠረበትን ምክንያት ከላዩ ላይ አንስቶ ስሙን ብቻ መሸጥ ነውና። ዛሬ አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰው «ዲጂታል 8» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ገንዘቡን መክፈል የለበትም።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የቀረጥ ሕግ ጣልቃ ገባ። ከውጭ የሚመጣ ምልክት መቅዳት የሚችል ካሜራ እንደ ቪዲዮ መቅጃ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር፣ አምራቾች ለአውሮፓ በሚልኳቸው ብዙ ሞዴሎች ላይ ይህን መግቢያ ዘጉት። ያ መግቢያ ግን ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ የቪኤችኤስ ማጫወቻን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ካሜራው ላይ ሰክቶ፣ ካሴት ሳያስገቡ ምስሉን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ማሳለፍ ይቻላል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሌላ መሰናክል አለ። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና አብዛኛው አውሮፓ ፓል ሲጠቀሙ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ትጠቀም ነበር። ዋሺንግተን የተቀዳ የክርስትና ካሴት አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ሲላክ፣ ወይም አዲስ አበባ የተቀዳ ሠርግ ወደ ዋሺንግተን ሲሄድ፣ ካሴቱና ካሜራው ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡ እንኳ ላይግባቡ ይችላሉ። በሁለቱም አገር የተቀዱ ካሴቶች ያሉት ቤተሰብ ሁለቱንም ዓይነት ካሜራ መፈለግ ሊኖርበት ነው፤ ወይም ሁለቱም ያለው ሰው ጋ መሄድ።

ሌሎቹ መሸጋገሪያዎች

ዲጂታል 8 ብቻውን አይደለም፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲታይ ባሕርዩ ይጎላል። ሶኒ በ2001 ማይክሮ ኤምቪ የተባለ አወጣ፤ ከሚኒ ዲቪም ያነሰ ካሴት፣ በሰከንድ 12 ሜጋቢት የታመቀ ኤምፔግ-2 ምስል። ካሴቱ አዲስ፣ መረጃውም አብዛኛው የማቀናበሪያ ፕሮግራም የማያውቀው ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከነስሙ ጠፋ።

ኤችዲቪ ሌላ ነው። ካኖን፣ ሻርፕ፣ ሶኒና ጄቪሲ በ2003 የተስማሙበት ይህ አሠራር የዲጂታል 8ን ዘዴ ደገመው፦ የነበረውን የሚኒ ዲቪ ካሴት ይዞ፣ የሚጻፍበትን ወደ ከፍተኛ ጥራት ቀየረ። ተሳካለትም። ዋጋ ግን አስከፈለ። ዲቪ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያምቅ የአንድ ነጥብ ጉዳት አንድ ፍሬም ያበላሻል፤ ኤችዲቪ ግን ፍሬሞችን በቡድን ስለሚያያይዝ ያው ጉዳት ግማሽ ሰከንድ ያህል ሊያሳጣ ይችላል። ሦስቱን አስተያይቶ መናገር የሚቻለው፣ አሮጌውን ይዘው የተሻገሩት ቦታ አግኝተዋል፤ ከአሮጌው ተቆርጦ ትንሽነትን ብቻ ያቀረበው አላገኘም። ኤችዲቪ የባለሙያ ገበያ ስለነበረው ከዲጂታል 8 ይልቅ ርቆ ሄደ። በመጨረሻ ግን ዲቪዲ፣ ሃርድ ዲስክና ሚሞሪ ካርድ ቴፕን በሙሉ ጠራርገው አስወጡት።

የዛሬው ክርክር

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ማኅደር በ2015 ባወጣው ማስጠንቀቂያ 2025ን የቀነ ገደብ ዓመት ብሎ ሰየመ፤ ከዚያ በኋላ በቴፕ ያለውን ለማዳን መሣሪያውም ባለሙያውም ይጠፋል ከሚል ስጋት ነው። ዩኔስኮም ከዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ማኅደሮች ማኅበር ጋር በ2019 ተመሳሳይ ጥሪ አስተላልፏል። ቀነ ገደቡ ደርሷል፤ ካሴቶቹ ግን ገና በሻንጣና በካርቶን ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። በዲጂታል የተቀዳ ካሴትን በፋየርዋየር ማውረድ ቅጂ ነው፤ ቴፑ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ይወርዳል፣ ጥራት አይቀንስም። ብዙ ዲጂታል 8 ካሜራዎች የዩኤስቢ ቀዳዳም አላቸው፤ በሱ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ጥራት ያለው ምስል ነው፣ ሰውም ሳያውቅ ያንን ያስቀምጣል። ዲቪሬስኪዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከወረደው ፋይል ውስጥ የተጎዱትን ፍሬሞች ለይቶ ያሳያል፤ ያንኑ ካሴት ደጋግሞ በማውረድ ከእያንዳንዱ ዙር ደህናውን መርጦ ማዋሃድም ይችላል። በዚህ በኩል ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

የሚያከራክረው አናሎጉ ነው። ሃይ 8ን በዲጂታል 8 ካሜራ መቀየር በቂ ነው የሚሉ ሰዎች ቀላልነቱንና ቲቢሲውን ያነሳሉ። የማኅደር ባለሙያዎች ደግሞ ሳይታመቅ በ10 ቢት መቅዳትን፣ ወይም ኤፍኤፍቪ1 በተባለው መረጃ በማይጥል አሠራር ማስቀመጥን ይመርጣሉ። ዲቪ መረጃ ይጥላል፤ በኤንቲኤስሲ ደግሞ ቀለሙን በአግድም በአራት እጅ ያሳንሳል ይላሉ። ስለ ቀለሙ የሚነሣው ክስ ግን ከሚመስለው የቀለለ ነው፤ ሃይ 8 ራሱ ቀለሙን የሚያስቀምጠው ዲቪ ከሚተወው ባነሰ ዝርዝር ስለሆነ ብዙ የሚጠፋ ነገር የለም። የበረታው ክስ ሌላ ነው፦ አሮጌ ቴፕ ጉርብጥብጥታ ይበዛበታል፤ ማመቂያው ያንን ጉርብጥብጥታ እንደ ምስል ቆጥሮ ቦታውን ይሰጠዋል፣ ለፊቱና ለልብሱ የሚቀረው ያንሳል። ሦስተኛው ወገን ከዚህም አልፎ፣ ቴፑን ከሚያነበው የካሜራው ክፍል፣ ከሄዱ፣ የሚወጣውን ጥሬ ምልክት በቀጥታ ቀድቶ ምስሉን በኮምፒውተር መፍታት ይሻላል ይላል። ውጤቱ ያምራል፤ ነገር ግን ካሜራ ፈትቶ ሽቦ መበየድን ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ የአክስታቸውን ሠርግ ለማየት ለሚፈልጉ ሰዎች የሚሆን መንገድ አይደለም። ለአብዛኛው ቤተሰብ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ዲጂታል 8 ካሜራ ዛሬም ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ታሪካዊ ቀረጻ የያዘ ተቋም ግን በዚህ መርካት የለበትም።

ምርጫው ራሱ እየጠበበ ነው። የካሜራዎቹ ጎማና ጥርስ ያረጃል፣ ሄዱ ያልቃል፣ መለዋወጫ የለም። ፋየርዋየር ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፕል በ2025 ባወጣው ማክኦኤስ 26 የፕሮግራም ድጋፉንም አንስቶታል። ስለዚህ ካሜራው ቢሠራም አብሮት አሮጌ ኮምፒውተር ማቆየት ሊያስፈልግ ነው።

ያልተፈታው ጥያቄ የትኛው ካሴት ይቅደም የሚለው ነው። አናሎጎቹ በዕድሜ ስለሚበልጡ እነሱ ይቅደሙ የሚል አስተያየት ይበዛል። በሌላ በኩል ሃይ 8ን ከ1989 ጀምሮ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎችና ማጫወቻዎች ያነቡታል፤ በዲጂታል 8 የተቀዳውን ግን የሚያነበው ሁለት ኩባንያዎች ለጥቂት ዓመታት የሠሩት መሣሪያ ብቻ ነው፣ ጉዳቱም ሲመጣ ሳያስጠነቅቅ ነው። ሌሎችን ሊያድን የመጣው አሠራር ራሱ ለመዳን ይበልጥ ይቸገራል ማለት ነው። ካሴቱን በማየት ደግሞ መለየት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ላይ «ሃይ 8» የሚል ተጽፏል። በዲጂታል የተቀዳ ካሴት ተራ ሃይ 8 ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ የተቀዳው ምስል አይወጣም፤ እንዲህ ያለውን ካሴት የያዘ ሰው ምንም እንዳልተቀዳበት ቆጥሮ ሊጥለው ይችላል።